የሰይድ ጡሩምባ

ባለፈው ክረምት ሜክሲኮ አካባቢ መንገድ ስሻገር አውቶቡስ ሊገጨኝ ነበር። ጥፋቱ የሾፌሩ አልነበረም። ከእነዚህ በኤሌክትሪክ ከሚሄዱት አዳዲሶች አንዱ ነውና ድምፅ የለውም፤ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመና ልጅ እግሩ ሾፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «እናቴ፣ አይሰሙም እንዴ?» አለኝ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ አፈርኩ፤ ያፈርኩት ግን ሌላ ሰው በሚያፍርበት ምክንያት አልነበረም። በሃምሳ ምናምን ዓመት ዕድሜዬ አውቶቡስ ሳልሰማው አጠገቤ ሲደርስ ያ የመጀመሪያው ነበር።

አውቶቡስ እወዳለሁ። ይህን ስናገር ሰው የምቀልድ ይመስለዋል፤ ግን እንደ ማንኛውም ሱስ የያዘኝ ነገር ነው። የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሌላው ሰው ዘመድ ሲጠይቅ፣ እኔ ከአያት ባቡር ተሳፍሬ ጦር ኃይሎች ድረስ እሄድና ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ እመለሳለሁ። አዲስ መስመር ተከፈተ ሲባል ሳምንት ሳይሞላው መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ደርሼ አይቼዋለሁ። የትኛው አውቶቡስ በሩ ሲዘጋ እንደሚያቃስት፣ የትኛው ዳገት ላይ ማርሹ እንደሚያስቸግረው አውቃለሁ። ልጄ «እማዬ፣ ዛሬ ደግሞ የት ደርሰሽ መጣሽ?» ስትለኝ «የትም» እላታለሁ፤ እውነቴን ነው። ያን ቀንም ፌርማታው ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቅ ስለነበር፣ ድንጋጤው ሲለቀኝ በዚያው ሊገጨኝ በነበረው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ውስጡ አዲስ ፕላስቲክ ይሸታል፤ ሰው ሲተነፍስ፣ አንዲት ሴት በቦርሳዋ ውስጥ ቁልፍ ስትፈልግ ይሰማል። ከሞተር የሚመጣ ነገር ስለሌለ ጆሮዬ ሥራ ፈታ፤ ሥራ ሲፈታ ደግሞ የራሱን ነገር ይዞ ይመጣል። ጥቂት እንደሄድን በልጅነቴ የማውቀውን የሰይድን አውቶቡስ ከድልብ ዳገቱን ሲጀምር ሰማሁት።

ያደግሁት ላስታ ከዋድላ በሚዋሰንበት ደጋ ነው፤ ከላሊበላ መገንጠያ ወደ ወልድያ በኩል የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በማይሞላ ርቀት፣ ከመንገዱ ከፍ ብላ በተቀመጠች፣ ጎጆዎቿ ተቆጥረው በሚያልቁ መንደር። አገሩ ብርድ ነው፤ ገብስ ይበቅልበታል፤ ዛፍ ስለሌለ ድምፅ የሚያግደው ነገር የለም። ቻይኖች የሠሩት መንገድ ከታች ካለችው ከተማ ከድልብ በኋላ ገደሉን እየተጠማዘዘ ይወጣል። መኪና ከታች ሲጀምር እኛ ደጅ ይሰማል፤ ጥምዝ ውስጥ ሲገባ ይጠፋል፤ ሲወጣ ይመለሳል፤ እንዲህ እየጠፋና እየተመለሰ አጠገባችን እስኪደርስ አንዲት ሴት ሊጥ አቡክታ እጇን ትታጠባለች። ለሌላው ሰው መኪና መኪና ነው። እኔ ግን ከማስታውሰው ጊዜ ጀምሮ እያንዳንዱን ለይቼ አውቀው ነበር። አይፋ የሚባለው የወታደር መኪና ዳገት ላይ ያስላል፤ ተሳቢ ያለው እህል ጫኝ ሁለት ጊዜ ነው የሚያጓራው፣ አንዴ ለራሱ፣ አንዴ ለሚጎትተው፤ የመንግሥት ላንድሮቨር ደግሞ እንደ ቸኮለ ባለሥልጣን ቀጭን ድምፅ አለው።

የሰይድ አውቶቡስ ከሁሉም ይለያል። ወገቡ ቀይ፣ ጣሪያው ነጭ ነበር፤ ላዩ ላይ ጆንያ፣ ዶሮ፣ አንዳንዴም እግሯን የታሰረች ፍየል ትጫንበታለች። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ያፏጫል። ከሁሉ በላይ ግን ጡሩምባው ነበር። በዚያ መንገድ ላይ እያንዳንዱ ሾፌር የራሱ አነፋፍ ነበረው፤ ሰው ከሩቅ ሰምቶ ዕቃውን ይዞ እንዲወጣ ነው። የሰይድ ሁለት አጫጭርና አንድ ረጅም ነበር፤ ረጅሙ መጨረሻው ላይ ከፍ ይልና ድንገት ይቆረጣል። እኔ የእናቴን ወንፊት እንደ መሪ ይዤ፣ ግድግዳ ሥር ተቀምጬ ያን ጡሩምባ በአፌ ስነፋ እናቴ «ወንፊቱን ወዲህ በይ፣ ተሳፋሪሽ ይጠብቅ» ትለኝ ነበር።

ሰይድ የወልድያ ሰው ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ቆቡ ነጭ፣ ኪሱ ቴምር የማይጠፋበት። አንድ ቀን ይወጣል፣ በማግስቱ ይወርዳል። እኛ ደጅ ሲደርስ ቆሞ «ሾፌሯ፣ ግቢ» ይለኝና አጠገቡ ካለው የሞተር ክዳን ላይ ያስቀምጠኛል። ክዳኑ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ተነጥፎበታል፤ ትኩሳቱ ከታች ይመጣል፤ ናፍጣና የሰው ላብ ይሸታል፤ በሕይወቴ እንደዚያ የሞቀኝ ቦታ የለም። መገንጠያው ላይ ያወርደኛል፤ በገና ሰሞን ወደ ላሊበላ የሚሄዱትን ተሳላሚዎች እዚያው ያራግፋል፤ እኔ ደግሞ የመጣሁበትን መንገድ በእግሬ፣ ማርሹን በአፌ እየቀያየርኩ እመለሳለሁ። ሰው እብድ ናት ይል እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

አባቴ በመኪና ተሳፍሮ አያውቅም ነበር። በላይ ይባላል፤ ረጅም፣ ቀልደኛ ሰው። ወልድያ እህቱ ዘንድ ሲሄድ እንኳ ሰይድን በእጁ አሳልፎ በእግሩ ይሄዳል። «ሆዴ ይገለበጣል» ይላል፤ ፈርቶ እንደሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ጊዜ ስጨቀጭቀው «ገብሱ ይሰብሰብና አንችን ይዤ በሰይድ መኪና እንወርዳለን፤ አንች ካለሽ አልፈራም» አለኝ። ገብሱ ሁለት ዓመት ተከታትሎ የሚሰበሰብ አልሆነም።

ሰባ ሰባት ሲገባ መንደሩ ዝም አለ። ውሻ አይጮህም፤ የሚፈጭ እህል ስለሌለ ወፍጮም አይሰማም። ከጎረቤታችን ቤት ሁለት ሕፃናት በአንድ ሳምንት ተቀበሩ። አባቴ አንድ በሬ ቀርቶት ነበር፤ የበልጉ ዝናብ ጠብ ካለ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቼ አርሳለሁ እያለ፣ ያን በሬ የጎጆውን ክዳን ሣር እየመዘዘ ያበላው ነበር። ሰፈራ የሚባለው የመጣው በዚህ መሃል ነው። ገበሬ ማህበሩ ሕዝቡን ሰብስቦ በምዕራብ በኩል ለም መሬት አለ፣ ዝናብ አለ፣ ትራክተር አለ አለ። መጀመሪያ ላይ ረሃቡ ገፍቷቸው ወደው የተሳፈሩ ነበሩ። ኋላ ግን ከገበያ፣ ከእርዳታ ስንዴ ሰልፍ፣ ከማሳ ላይ ወንድ እየታፈሰ ይጫን ጀመር። ፍላቂት ገበያ ወጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ወሬው እንኳ አይመለስም። አባቴ «እኔ ከመሬቴ አልነቃነቅም» ብሎ ምሎ ነበር፤ ስለዚህ እሱም እንደ ሌሎቹ ወንዶች መኪና በሰማ ቁጥር ገደሉ ሥር ወዳለው ዋሻ ይሮጥ ጀመር።

የራበው ሰው ግን በቀን ስንቴ ይሮጣል? ደግሞ ከመኪና ሁሉ መሸሽ አይቻልም፤ ወልድያ ያለው ዘመድ የሚልከው በቆሎ የሚመጣው በሰይድ ነው፤ በቆሎውን ደግሞ መንገድ ላይ ቆሞ የሚቀበለው ካጣ ይዞት ያልፋል። የመንደራችን ቄስ አባ ተድላ አንድ ጧት ደጃችን መጡ።

«በላይ» አሉት አባቴን፣ «ይችን ልጅ ለመንደሩ ስጠን። መኪናውን ሳይደርስ የምታውቅ እሷ ናት።»

አባቴ ሳቀ። «አባ፣ ወንፊት የምትነዳ ልጅ ናት እኮ» አላቸው።

«ትንዳ» አሉና ወደ እኔ ዞረው እንደ ትልቅ ሰው አስረዱኝ። ከመንደሩ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ክፉ መኪና ከሆነ ነጠላዬን አውልቄ አውለበልባለሁ፤ ወንዶቹ ወደ ዋሻው ይገባሉ። ሰይድ ከሆነ ነጠላዬን እንደተከናነብኩ ወደ መንገዱ እወርዳለሁ፤ ወንዶቹም ተከትለውኝ ይወርዳሉ። በቃ፣ ሌላ ነገር አልነበረውም። «እሽ አባ» አልኩ፤ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኔ በላይ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ያን ወራት ደስተኛ ነበርኩ ብል ሰው ይታዘበኛል፤ ግን ነበርኩ። ሰው እያለቀ፣ የራሴም ሆድ ከጀርባዬ ተጣብቆ፣ ቋጥኙ ላይ ተቀምጬ መንገድ መስማት ሥራዬ ሆነ፤ ከዚያ በፊት ስለዚያ ነገር የሚያሾፍብኝ እንጂ የሚሰማኝ አልነበረም። ሦስት ጊዜ አይፋ መጣ፤ ሦስቴም ሴትና ሕፃን ብቻ አግኝቶ ተመለሰ። ሴቶቹ ከሌላቸው ላይ ጭብጥ ቆሎ ያቀብሉኛል። አባቴ ወደ ዋሻው ሲሮጥ በአጠገቤ ካለፈ ራሴን ዳሰስ አድርጎ ነው የሚያልፈው። አንድም ቀን አልተሳሳትኩም።

ቀኑ መጋቢት ውስጥ ነው፣ ረፋድ ላይ። ከድልብ በኩል ሞተር ጀመረ። ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ ያቺ ፉጨት መጣች። ሰይድ ነው። ቢሆንም አልቸኮልኩም፤ እንደ አዋቂ ጠበቅሁ። ዳገቱ ትንሽ ከብዶት ነበር፤ ጭነት በዝቶበታል አልኩ፤ በቆሎ ነው ብዬ ደስ አለኝ። የመጨረሻው ጥምዝ ላይ ሲደርስ ጡሩምባው ተነፋ፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ከፍ ብሎ ተቆረጠ። ነጠላዬን ተከናንቤ ቁልቁል ሮጥኩ። ከኋላዬ የወንዶቹ እግር ጠጠር ሲያንከባልል ይሰማኛል፤ አባቴ አክስቴ የምትልከውን ሊይዝበት ባዶ ጆንያ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ነበር።

አውቶቡሱ የሰይድ ነበር። መሪውን የያዘውም ሰይድ ነበር። በሩ ሲከፈት የወረዱት ግን ታጣቂዎች ነበሩ። ጆሮዬ ሞተር ይለያል እንጂ የተሳፈረውን አይለይም፤ ይህን አባ ተድላም አላሰቡት፣ እኔም አላሰብኩት። ለካ መኪናው ሲያንሳቸው የሕዝብ አውቶቡስ ከነሾፌሩ ማዘዝ ጀምረው ኖሯል።

ዐሥራ አንድ ሰው ያዙ። ሁለቱ ሊያመልጡ ሞክረው በሰደፍ ተመቱ፤ ሌሎቹ ለመሮጥ የሚሆን ጉልበት አልነበራቸውም። አባ ተድላ መስቀላቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ቆመው ሲለምኑ ትከሻቸውን ይዘው ወደ ዳር አደረጓቸው። ሰይድ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ፊት ለፊቱን ያያል። «አያ ሰይድ» ብዬ ጠራሁት፤ አልዞረም።

አባቴን ከፊት፣ መስኮት አጠገብ አስቀመጡት። እኔ ሁልጊዜ የምመኘው ወንበር ነበር። አሁን የምናገረውን ለልጄም ነግሬያት አላውቅም፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም፣ ቅናት ነበር። ለአንድ አፍታ ብቻ ቢሆንም ቀናሁበት። ከዚያ ፊቱን አየሁት። ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ፣ እሱ የመስኮቱን ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ ነበር፤ ታጣቂዎቹን አይደለም፣ አውቶቡሱን ነው የፈራው። ወደ እኔ ጎንበስ አለና «ልጅየ፣ ይኸ መኪና ወዴት ነው የሚሄደው?» አለኝ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል የጠየቀው እኔን ነው፤ የመኪና ነገር የማውቀው እኔ ነኝና።

«ወልድያ ነው አባየ» አልኩት። «ዛሬ ከወረደ ነገ ረፋድ ላይ ይወጣል። ነገ ይመለሳል።»

ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። ጆንያውን በመስኮት አቀበለኝና «እንኪ፣ ይዘሽ ግቢ» አለኝ። አውቶቡሱ ጠባቡ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ብሎ ዞረ፤ ቁልቁለቱን ሲጀምር ሰይድ ማርሹን ቀነሰ፤ እስከመጨረሻው ጥምዝ ድረስ ሰማሁት።

እናቴ ምንጩ ስለደረቀ ውሃ ልትቀዳ ሩቅ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ሴቶቹ ሲያለቅሱ ሰማች። እንስራዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ «ሰይድ ነው አላልሽም?» አለችኝ። «ሰይድ ነው» አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ እስክትሞትም ድረስ አልጠየቀችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ለአባቴ የነገርኩትን ግን ሰው ሁሉ ሰምቶ ነበር፤ እኔም ያን ቀን ሙሉ ከቤት ቤት እየዞርኩ ነገ ይመለሳል እያልኩ ለሴቶቹ ደገምኩላቸው። ሰዓቱን ሳይቀር ነገርኳቸው። በማግስቱ ሁሉም ወርደው መንገዱ ዳር ተደርድረው ተቀመጡ። አንዷ የባሏን ጋቢ ይዛለች፣ ቀዝቅዞት ይሆናል ብላ። እናቴ ከየት እንዳመጣችው እንጃ የተቆላ ሽምብራ በጨርቅ ቋጥራለች። ረፋድ ላይ ሞተሩ ተሰማ፤ እኔ ባልኩት ሰዓት፣ እኔ ባልኩት በኩል። «መጣ!» ስል ሴቶቹ ቀሚሳቸውን እያራገፉ ተነሱ። ጥምዙ ላይ ጡሩምባ አልተነፋም። አውቶቡሱ ባዶውን ነበር።

ሰይድ አቁሞ ወረደና እናቴ ፊት አፈሩ ላይ ተቀመጠ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም ነበር።

«እትየ ዝናሽ» አላት፣ «ወልድያ ላይ አውርደው በሌላ መኪና ጫኗቸው። ወዴት እንደሆነ ለኔም አልነገሩኝ። ጡሩምባውንማ… ወላሂ እጄ ነው የነፋው። ይኸን ሁሉ ጊዜ እዚያች ጥምዝ ላይ ስነፋ ኖሬ፣ እኔ ሳላስበው እጄ ሄደ።»

እናቴ «ተነስ ሰይድ» አለችው። «ተነስ፣ መንገድህን ሂድ።»

ከዚያ በኋላ ሰይድ እኛ ጥምዝ ላይ ጡሩምባ ነፍቶ አያውቅም፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ሌላ ሾፌር መጣ። እኔን ወደ ቋጥኙ ውጪ ያለኝ ሰው አልነበረም። የቀሩት ወንዶች ከሁሉም መኪና ይሸሹ ጀመር፤ ስንዴ ከጫነውም ጭምር። አባ ተድላ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አቀርቅረው ያልፋሉ፤ ያኔ ተቀይመውኝ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ግን በራሳቸው እንዳፈሩ ይገባኛል። የአባቴ በሬ የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ ሞተ። በሁለተኛው ዓመት አክስቴ ወልድያ ወስዳ ትምህርት ቤት አስገባችኝ፤ የሄድኩት በዚያው በቀዩ አውቶቡስ ነው፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ፣ ከዐሥራ አንዱ አያ ሞላ ብቻ ከሰፈራው፣ ከመተከል፣ በእግሩም በመኪናም እያለ ተመልሶ መጣ። ከአባቴ ጋር በአንድ ወንበር የተጫነ ጎረቤታችን ነው። እኔ ደሴ እማር ነበር፤ ሰምቼ መጣሁ። አባቴ በሁለተኛው ክረምት በወባ እንደሞተ፣ የቀበሩትም በሰፈራው ዳር ካለ አንድ ዛፍ ሥር እንደሆነ፣ ዛፉም ኋላ እንደተቆረጠ ነገረኝ። ከዚያ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ይመስለኛል ሳቅ አለ።

«አባትሽ እኮ እዚያም ቀልዱን አልተወ» አለኝ። «እንደደረስን ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሱ 'ልጄ ነገ ይመለሳል ብላኛለች' ይላል። ዋሸችህ ሲሉት ደግሞ ይቆጣል። 'አልዋሸችም፤ አውቶቡሱ ተመልሷል፣ እኛ ነን ያልተሳፈርንበት' ይል ነበር።»

የመጨረሻውን የነገረኝ የአባቴን አነጋገር አስመስሎ፣ የአባቴን ሳቅ እየሳቀ ነው። እናቴ ጥግ ላይ ሆና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች፤ ሳቁን እሷ አውቃዋለች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን እንግዳ ሆነብኝ። በእርግጥ እንደዚያ ይስቅ እንደነበር ላስታውስ አልቻልኩም።

ዛሬም አልቻልኩም። ፊቱን በመስኮቱ ውስጥ አየዋለሁ፤ የጠየቀኝን ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤ ድምፁ ግን የለም፤ ቃሎቹን የምሰማቸው በራሴ ድምፅ ነው። የሰይድ ሞተር ግን ከነፉጨቱ፣ ማርሽ ሲቀየር ከሚያሰማት ትንሽ ጉርጉርታ ጋር፣ አንድም ሳይጎድል አለ። አባቴ ዐሥራ ሁለት ዓመት አጠገቤ ተቀምጦ አውርቷል። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ መንገዱን ስሰማ ነበር።